የማላታይን በርሜል ዕድሜ አለው
በቅናሽ የተገዛ ጸረ ተባይ ትርፉን እንዴት ይበላል?

ፌሮ ገዝቶ መጋዘን ያስገባ ነጋዴ ገበያው እስኪስተካከል ድረስ ቢታገስ ብዙም አይጎዳም። ብረቱ ጥቂት ቢዝግም ብረት መሆኑ አይቀርም። ጸረ ተባይ ኬሚካል ገዝቶ ያስቀመጠ ነጋዴ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ዕቃው በርሜል ውስጥ ታሽጎ እንደተቀመጠ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከቀን ወደ ቀን ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። መጀመሪያ የነበረው ኃይል ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ኃይሉ ለነፍሳቱ ሲቀንስ መርዝነቱ ለሰው ይጨምራል።

ይህ አባባል ከፎስፈረስ በተሠሩ ጸረ ተባይ ኬሚካሎች ሁሉ ላይ በተለያየ መጠን ይሠራል። ከእነዚህ መካከል በአገራችን ነጋዴ፣ ገበሬና የእህል መጋዘን ባለቤት ዘንድ በስሙ በጣም የሚታወቀው ማላታይን (በወረቀት ላይ ማላታዮን) ስለሆነ፣ በዛሬው ጽሑፋችን እሱን ምሳሌ አድርገን የኬሚካሉን ጠባይ፣ አገልግሎቱንና አያያዙን እንመለከታለን። ዓላማችን ኬሚስትሪ ማስተማር አይደለም። “ጊዜው ሊያልፍ ትንሽ ወራት የቀሩት ዕቃ በግማሽ ዋጋ አለ” የሚል ወሬ ወደ ነጋዴው ጆሮ ሲደርስ፣ ነጋዴው ምን እየገዛ እንደሆነ አውቆ እንዲወስን ነው።

ማላታይን ምንድን ነው?

ማላታይን ፎስፈረስ፣ ድኝ (ሰልፈር)፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው የሚሠሩት ፈሳሽ ነው። በገበያ ላይ ያዋለው የአሜሪካው አሜሪካን ሳያናሚድ ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1950 ነበር። ዘሩ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ጀርመናዊው ኬሚስት ጌርሃርድ ሽራደር በ1930ዎቹ ለሰብል ነፍሳት የሚሆን መድኃኒት ሲፈልግ፣ በ1936 መጨረሻ ታቡን የተባለውን የጦር መርዝ አገኘ። ጸረ ተባዩና የጦር መርዙ ከአንድ ቤተሰብ የወጡ ናቸው ማለት ነው። ማላታይን ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ለሰው ረጋ ያለ ጠባይ አላቸው ከሚባሉት የሚመደብ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በአደገኛነት ደረጃው “መጠነኛ አደጋ ያለው” በሚለው በሦስተኛው ምድብ አስቀምጦታል።

ያልተቀላቀለው ማላታይን ከጠራ ፈሳሽ እስከ ቡናማ የሚደርስ ቀለም አለው። ሽታው ነጭ ሽንኩርት የመሰለና የሚከረፋ ነው። ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትሩ 1.23 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ አንድ ሊትር ውሃ የሚቀበለው ከ0.15 ግራም አይበልጥም። በአልኮልና በዘይትነት ባላቸው ማሟሚያዎች ግን በደንብ ይዋሃዳል። አሲድነቱ ለዘብ ባለ ወይም መካከለኛ በሆነ ሁኔታ ይቆያል፤ ኖራና አመድ የመሳሰሉ ነገሮች ሲነኩት ግን ቶሎ ይፈርሳል።

እነዚህ ቁጥሮች ለነጋዴው የገንዘብ ትርጉም አላቸው። ለምሳሌ 200 ሊትር የሚይዝ የቴክኒካል ማላታይን በርሜል የተጣራ ክብደቱ 246 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ውሉ በሊትር ተጽፎ ሒሳቡ በኪሎ ከተሠራ፣ ወይም በኪሎ ተጽፎ በሊትር ከተለካ፣ በእያንዳንዱ በርሜል ላይ የ46 ኪሎ ልዩነት ይመጣል። ደላላውም ገዥውም ከመጨባበጣቸው በፊት የመለኪያውን ጉዳይ ቢጨርሱ ብዙ ክርክር ይቀራል።

በገበያ ላይ በምን በምን መልክ ይገኛል?

ማላታይን እንደ ወርቅ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በመለያ ወረቀቱ ላይ የሚታዩት ዋና ዋና ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው፡-

1ኛ/ ቴክኒካል፡- ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሚሆነው ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባወጣው መስፈርት ቢያንስ 95 በመቶ ንጹሕ ማላታይን ሊኖረው ይገባል።

2ኛ/ ዩኤልቪ፡- ውሃ ሳይቀላቀልበት በአውሮፕላን ወይም በልዩ መርጫ እንደ ጉም የሚረጭ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 96 በመቶ ነው። ለአንበጣ የሚውለው ይኸው ነው።

3ኛ/ ኢሲ፡- ማሟሚያና ማዋሃጃ የተጨመረበት፣ ውሃ ላይ ሲፈስ እንደ ወተት የሚነጣ ፈሳሽ ነው። በአገራችን የተለመደው 50 በመቶ የሚባለው ነው።

4ኛ/ ዱቄት፡- ከሸክላ አፈር ወይም ከሌላ ማዕድን ዱቄት ጋር የተቀላቀለ፣ በአብዛኛው 5 በመቶ ብቻ ማላታይን ያለበት ሲሆን ለእህል ነቀዝ ይውላል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአዳሚ ቱሉ ጸረ ተባይ ፋብሪካ ካዘጋጃቸው ምርቶች መካከል የማላታይን ዓይነቶች ይገኙበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። “50 በመቶ” ሲባል በክብደት ነው ወይስ በመጠን? በአንድ ሊትር ውስጥ 500 ግራም ማለት አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ 500 ግራም ማለት ሌላ ነው። 96 በመቶ የሚለው ዩኤልቪ በክብደት ከሆነ በአንድ ሊትር ውስጥ 1,180 ግራም ያህል ገዳይ ንጥረ ነገር ይኖረዋል። ስለዚህ ሁለት ዋጋዎችን የሚያወዳድር ገዥ የሚከፍለው ለበርሜሉ ሳይሆን በውስጡ ላለው ንጥረ ነገር መሆኑን አስታውሶ፣ ዋጋውን በግራም ማካፈል ይኖርበታል። ይህን ስሌት ሲሠሩት “ርካሽ” የተባለው ዕቃ ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የት የት ያገለግላል?

የማላታይን ገበያ ሰፊ ነው። በእርሻ ላይ ቅጠልና ፍሬ የሚያጠቁ ነፍሳትን፣ በጎተራና በመጋዘን ነቀዝን፣ በቤት ግድግዳ ላይ የወባ ትንኝን ለመከላከል ሲያገለግል ኖሯል። በአሜሪካ 0.5 በመቶ የሆነው ቅባት በሐኪም ትእዛዝ ለራስ ቅማል መድኃኒትነት ተፈቅዷል። በጥጥ ነቀዝ ላይ በተካሄደው የአሜሪካ ዘመቻም ብዙ ማላታይን ተረጭቷል።

በእኛ አካባቢ የኬሚካሉ ፍላጎት በድንገት የሚያሻቅበው አንበጣ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 ምሥራቅ አፍሪካን ባጥለቀለቀው የበረሃ አንበጣ ወረርሽኝ ጊዜ ኢትዮጵያ በአውሮፕላን ካስረጨቻቸው ኬሚካሎች አንዱ ማላታይን ነበር። የበረሃ አንበጣን ለማጥፋት በሔክታር 925 ግራም ማላታይን እንደሚበቃ የፋኦ ባለሙያዎች አስቀምጠዋል። 96 በመቶ ከሆነው ዩኤልቪ ሲሰላ ይህ ለአንድ ሔክታር ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው።

የዚህ ዓይነት ፍላጎት ለነጋዴው ፈተና ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ሁሉም ያዛል፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ የታዘዘው ገና በመርከብ ላይ ይሆናል። ዕቃው ወደብ ሲደርስ ፈላጊው ሄዷል። ከዚያ በኋላ በየመጋዘኑ የሚቀረው ክምችት ነው ከዓመት በኋላ “በቅናሽ” እየተባለ ወደ ገበያ የሚወጣው።

እንዴት ይገድላል? ሰውንስ ለምን ቶሎ አይገድልም?

በነፍሳትም ሆነ በሰው ሰውነት ውስጥ ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ ካስተላለፈ በኋላ ትእዛዙን የሚያጠፋ አንድ ኤንዛይም አለ። ስሙ አሴቲልኮሊንኢስትሬዝ ይባላል። በቤት ውስጥ መብራት ማብራት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ይህ ኤንዛይም ማጥፊያው ነው ማለት ይቻላል። የፎስፈረስ ጸረ ተባዮች ይህን ማጥፊያ ይቆልፉታል። ነርቩ ሳያቋርጥ ያዛል፤ ጡንቻው ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል፤ ምራቅ፣ ላብና እንባ ይፈስሳል፤ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ይቆማል።

ማላታይን ግን ራሱ ብዙም አይቆልፍም። መጀመሪያ በሰውነት ውስጥ ድኙ በኦክስጅን ተተክቶ ማላኦክሰን ወደሚባል ጠንካራ መርዝ መለወጥ አለበት። ሰውና እንስሳት በጉበታቸውና በደማቸው ውስጥ ካርቦክሲልኢስትሬዝ የሚባል ሌላ ኤንዛይም በብዛት ስላላቸው፣ ማላታይኑ መርዝ ከመሆኑ በፊት አፍርሰው በሽንት ያስወጡታል። አብዛኞቹ ነፍሳት ይህ ዘበኛ ስለሚያንሳቸው ይሞታሉ። እንግዲህ የማላታይን “ለሰው ረጋ ያለ” የመባሉ ምሥጢር ይህ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ከተነሣ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

በፓኪስታን የደረሰው

ዘበኛው ሲነሣ ምን እንደሚሆን ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን ነው። አገሪቱ ለወባ መከላከያ በየቤቱ ማላታይን እያስረጨች ነበር። የተገዛው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነበር። በሐምሌ ወር ከ7,500 ያህል የርጭት ሠራተኞች መካከል 2,800 የሚሆኑት ታመሙ፤ ቢያንስ 5 ሰዎች ሞቱ። ኬሚካሉ ያው ማላታይን ነበር። የተለየው ነገር ምን ነበር?

ምርመራው የደረሰበት ውጤት ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ነው። በዱቄቱ ውስጥ አይሶማላታይን የሚባል ባዕድ ነገር ከመጠን በላይ ተገኘ። አይሶማላታይን ከውጭ የገባ ቆሻሻ አይደለም። ማላታይኑ ራሱ በመጋዘን ውስጥ እያለ፣ በሙቀትና በተቀላቀለው ዱቄት ምክንያት፣ ውስጣዊ ቅርጹን ቀይሮ የፈጠረው ነው። ይህ ነገር ደግሞ ቀደም ብለን ያነሣነውን ዘበኛ ኤንዛይም ይቆልፈዋል። ማላታይኑን የሚያፈርስ ሲጠፋ፣ ሠራተኛው ሲለምደው የኖረው መጠን ይገድለው ጀመር። ሠራተኞቹ በቂ መከላከያ ልብስ አለመልበሳቸውና ኬሚካሉ በቆዳቸው መግባቱ ጉዳቱን አባብሶታል።

ከዚህ በኋላ ነው አይሶማላታይን በመስፈርቶች ውስጥ ጥብቅ ገደብ የተደረገበት። በፋኦ መስፈርት መሠረት በአንድ ኪሎ ቴክኒካል ማላታይን ውስጥ ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1981 በካሊፎርኒያ የፍራፍሬ ዝንብን ለማጥፋት ማላታይን ከአየር ሲረጭ ሕዝቡ ስለሠጋ፣ የግዛቲቱ የጥበቃ ጓድ ኃላፊ የነበሩት ቢ.ቲ. ኮሊንስ በውሃ የቀጠነ ማላታይን በብርጭቆ ጠጥተው አሳይተዋል። ሰውየው አልሞቱም። ይሁንና ይህን ታሪክ ሰምቶ “ማላታይን ምንም አያደርግም” የሚል ሰው የፓኪስታኑን አልሰማም ማለት ነው። ስሙ አንድ ሆኖ በርሜሉ ሁለት ሊሆን ይችላል።

በሌላም በኩል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታይንን “በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል በሚገመት” ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በየቀኑ የሚነካው የመጋዘን ሠራተኛ ይህን የማወቅ መብት አለው።

ሙቀት፣ ብረትና ጊዜ

ማላታይንን የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኬሚካሉ ይፈርሳል፤ ወደ አይሶማላታይንም ይለወጣል። በላቦራቶሪ አንድ ጸረ ተባይ ሁለት ዓመት ይቆይ እንደሆነ የሚፈተነው በ54 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ለ14 ቀን ተቀምጦ ነው። ይህን ቁጥር ከመንገዱ ጋር ያስተያዩት። ጅቡቲ በበጋዋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። በፀሐይ ላይ የቆመ የብረት ኮንቴይነር ውስጡ ከውጩ የበለጠ ይግላል። ስለዚህ በኤል.ሲ. መዘግየት ወይም በወረቀት ጉድለት ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ሲቆም፣ ነጋዴው የሚቆጥረው ዲመሬጁን ብቻ ከሆነ ተሳስቷል። የዕቃውም ዕድሜ እየተበላ ነው። በመለያው ላይ የተጻፈው ሁለት ዓመት ዕቃው በትክክል ከተያዘ ማለት እንጂ በቆላ ፀሐይ ከተጠበሰ በኋላም ይሠራል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ብረት ነው። ማላታይን ያልተቀባ ብረትን ይበላል፤ ብረቱም በበኩሉ ማላታይኑን ያበላሻል። ስለዚህ በርሜሉ ውስጡ የተቀባ መሆን አለበት። በፎርክሊፍት ተወግቶ ወይም ተጋጭቶ የተጣመመ በርሜል ውስጡ ያለው ቀለም ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ከውጭ ባያፈስም ተለይቶ ቀድሞ መውጣት ይኖርበታል።

ሦስተኛው እርጥበትና ኖራማ ነገር ነው። ዱቄቱ እርጥበት ሲያገኝ ይቋጥራል። ከሲሚንቶ ወይም ከኖራ ጋር በአንድ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥ የሲሚንቶው ብናኝ ያፈርሰዋል። በደንብ ሳይደርቅ በገባ እህል ላይ የተነሰነሰ ማላታይንም ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ገበሬው “መድኃኒቱ አልሠራም” ብሎ ሁለት እጥፍ የሚጨምረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእርጥቡ እህል ሊሆን ይችላል።

በመጋዘን ውስጥ

ለጸረ ተባይ የሚሆን መጋዘን ለእህል፣ ለስኳር ወይም ለመኖ ከሚሆነው መለየት አለበት። ወለሉ የማይመጥ ሲሚንቶ፣ በሩ ላይ ፈሳሽ የሚያግድ ከፍታ ያለው፣ አየር የሚገባበትና ፀሐይ የማያገኘው ይሁን። በርሜሎች በፓሌት ላይ ይቀመጡ፤ ከግድግዳ ይራቁ፤ ዙሪያቸው ታይቶ የሚፈሰው ቶሎ እንዲገኝ መተላለፊያ ይተው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። ይህ ለማንም ነጋዴ የታወቀ ደንብ ቢሆንም፣ አዲሱን በፊት ደርድሮ አሮጌውን ከኋላ መቅበር የተለመደ ስለሆነ ደግመን እናነሣዋለን።

ኢሲ የሚባለው ዓይነት ማሟሚያው ሊቀጣጠል ስለሚችል ሲጋራና ብየዳ አጠገቡ አይድረሱ። ማላታይን ሲቃጠል ጎጂ የፎስፈረስና የድኝ ጋዞች ይወጣሉ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ወደ ወንዝ ከሄደ ዓሣ ይጨርሳል፤ ኬሚካሉ ለዓሣና ለንብ እጅግ ጎጂ ነውና። መጋዘኑ በንብ ቀፎ፣ በጉድጓድ ውኃ ወይም በወንዝ አጠገብ እንዳይሆን የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሠራተኛው የላስቲክ ጓንት፣ የላስቲክ ቦቲና ሽርጥ ያስፈልገዋል። የቆዳ ጓንትና የቆዳ ጫማ ኬሚካሉን መጥጠው ስለሚይዙ ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ይበልጣል። ሥራ ሲያልቅ ሳይታጠቡ ምግብ መብላት፣ የሥራ ልብስን ከቤተሰብ ልብስ ጋር ማጠብ አይገባም።

ሲፈስስና ሰው ሲመረዝ

የፈሰሰ ማላታይን በውሃ አይታጠብም፤ ውሃው ያሰፋዋል። በሰጋቱራ፣ በአሸዋ ወይም በደረቅ አፈር ይመጠጥና ተጠርጎ በሚታሸግ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ወለሉ ከዚያ በኋላ በኖራ ወይም በማጠቢያ ሶዳ ውሃ ይታሻል። በዚህ ቦታ ላይ በብዛት የሚሠራ ስሕተት በረኪና ማፍሰስ ነው። በረኪና ማላታይኑን ወደ ማላኦክሰን፣ ማለትም ወደ ባሰው መርዝ ሊለውጠው ይችላል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሰው ከተመረዘ ምልክቶቹ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ መጥበብ፣ የምራቅና የላብ መብዛት፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና የትንፋሽ መክበድ ናቸው። ወዲያውኑ ከቦታው ይውጣ፤ ልብሱ ይውለቅ፤ ገላው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ረዳቱም ጓንት ያድርግ። የዋጠ ሰው እንዲያስታውክ አያስገድዱት፤ ማሟሚያው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተት ማጠጣት ማርከሻ አይደለም፤ ጊዜ ያባክናል። ማርከሻው በሐኪም የሚሰጠው አትሮፒን ሲሆን፣ እንደ ሁኔታው ፕራሊዶክሲም ይጨመርበታል። ሐኪሙ ቶሎ እንዲረዳ የበርሜሉን መለያ ወረቀት ወይም ፎቶውን ይዞ መሄድ ሕይወት ያድናል።

ከሁሉ የሚከፋው በችርቻሮ ላይ የሚታየው ልማድ ነው። ከትልቁ ጄሪካን በሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዱ መሸጥ ማለት ስም፣ ቀንና ማስጠንቀቂያ የሌለው መርዝ ወደ ሰው ቤት መላክ ነው። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ባዶው ዕቃም እንዲሁ ነው። ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ካልተደረገ በስተቀር በርሜሉ ወይም ጄሪካኑ ምን አለሽ ተራ ደርሶ የጠላ ወይም የውሃ መያዣ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

በውጭ ገበያ በኩል

የእህል፣ የቅባት እህልና የቡና ላኪዎች ይህ ጉዳይ የኬሚካል ነጋዴው ብቻ ነው ብለው እንዳያልፉት። ገዥ አገሮች በምርቱ ላይ የሚቀረውን የኬሚካል መጠን ይለካሉ። የዓለም አቀፉ የምግብ ኮድ በስንዴ ላይ ለማላታይን እስከ 10 ሚሊ ግራም በኪሎ ይፈቅዳል። የአውሮፓ ኅብረት ግን የተለየ ገደብ ላልወጣለት ኬሚካል የሚፈቅደው 0.01 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ በአንድ ቶን ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ብቻ ማለት ነው። ስለሆነም በአንድ ምርት የተፈቀደው በሌላው ላይኖር ይችላል። ለስንዴ የተነሰነሰው ዱቄት ከጎኑ የተቀመጠውን ሰሊጥ ከነካው የስንዴው ፈቃድ ሰሊጡን አያድነውም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የጸረ ተባይ ቅሪት አግኝታ የቡና ንግዱ ክፉኛ መጎዳቱ ይታወሳል። የተገኙት ኬሚካሎች የማላታይን ዘመዶች ሳይሆኑ ጋማ ቢኤችሲን የመሳሰሉ ከክሎሪን የተሠሩ ነበሩ። ጥርጣሬው ግን ያረፈው በእርሻው ላይ ሳይሆን ቡናው በታሸገባቸው ጆንያዎች ላይ ነበር። ትምህርቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ምርት የሚበከለው በማሳ ላይ ብቻ ሳይሆን በጆንያ፣ በመኪናና በመጋዘን ነው።

የማላታይን ዘመዶችም ከገበያ እየወጡ ናቸው። ክሎርፒሪፎስ እ.ኤ.አ. በ2020 በአውሮፓ ኅብረት ፈቃዱ አልታደሰም፤ በ2025 ደግሞ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች ጋር በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ፓራታዮን፣ ሞኖክሮቶፎስና ሜታሚዶፎስም በሮተርዳም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። አንድ ኬሚካል በሌላ አገር ሲታገድ እዚያ የነበረው ክምችት ገዥ ፍለጋ ርካሽ ሆኖ ወደ ሌላ ገበያ መመልከቱ አይቀርም። የቅናሹን ምክንያት መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ያረጀ ክምችት፣ የማይሸጥ ዕዳ

ጊዜው ያለፈበት ጸረ ተባይ አይሸጥም፤ አይደፋም፤ አይቀበርም፤ በጓሮም አይቃጠልም። ኢትዮጵያ ይህን በውድ ዋጋ የተማረች አገር ናት። ባለፉት አሥርተ ዓመታት በግዥም በእርዳታም ገብቶ በየቦታው ያረጀው ጸረ ተባይ ከ3,000 ቶን በላይ ሆኖ ተቆጥሮ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፋኦ ባስተባበረው ሥራ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በልዩ ምድጃ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። የዚህ ዓይነት ማስወገድ በቶን ከ3,000 ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ይገመት ነበር።

ይህን ቁጥር በነጋዴ ሚዛን እንየው። ለምሳሌ ያህል አንድ አስመጪ አሥር ቶን በቅናሽ ገዝቶ ስድስቱን ሸጦ አራቱ ጊዜው ቢያልፍበት፣ በአራቱ ቶን የከሰረው የገዛበትን ዋጋ ብቻ አይደለም። የማስወገጃው ከ12,000 ዶላር በላይ ይጨመርበታል። የመጋዘኑም ኪራይ አይቆምም። በሌላ ዕቃ ላይ ኪሳራ ዜሮ ላይ ያበቃል፤ በዚህ ዕቃ ላይ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጸረ ተባይ በመያዣነት የሚቀርብለት አበዳሪም ሆነ በሽርክና የሚገባ ኢንቨስተር ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 መሠረቱ ያልተመዘገበ ጸረ ተባይ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ፣ በንግዱ የሚሰማራውም የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ከሕጉ በተጨማሪ ገዥው ራሱ ሊያጣራቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው፡-

- የምርት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና የባች ቁጥር በርሜሉ ላይና በሰነዱ ላይ አንድ ናቸው? በላዩ ላይ የተለጠፈ አዲስ ወረቀት ካለ ለምን ተለጠፈ?

- የላቦራቶሪ ሰርተፍኬቱ የማላታይኑን መቶኛ ብቻ ነው የሚናገረው ወይስ የአይሶማላታይኑንም? ስለ አይሶማላታይን ዝም ያለ ሰርተፍኬት ግማሹን እንደደበቀ ይቆጠር።

- ዕቃው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ የት የት፣ ለስንት ጊዜ ተቀመጠ? ቆላ ላይ ክረምት ከበጋ የከረመ ከሆነ ቀኑ ባያልፍም እንደገና ይመርመር።

- በርሜሉ ውስጡ የተቀባ ነው? ያበጠ፣ የዛገ ወይም የሚያፈስ አለ?

- መቶኛው በክብደት ነው በመጠን? ውሉ በኪሎ ነው በሊትር?

- የሚቀረው ዕድሜ ዕቃውን ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ገዥውም ለመጠቀም ይበቃል? ለመኸር አዝመራ የገዛ ገበሬ የሚጠቀምበት ከወራት በኋላ ነው።

- ሳይሸጥ ቢቀር ማን ይመልሰዋል? አምራቹ መልሶ የሚወስድበት ግዴታ በውሉ ውስጥ ከሌለ ዕዳው በገዥው ላይ ይቀራል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሻጩ ቀጥተኛ መልስና ወረቀት ካቀረበ ቅናሹ እውነተኛ ቅናሽ ሊሆን ይችላል። “ስለ እሱ አታስብ፣ ዕቃው ንጹሕ ነው” የሚል መልስ ብቻ ከመጣ ግን ሻጩ የሚሸጠው ማላታይን ሳይሆን የማስወገጃውን ወጪ ነው። በዚህ ገበያ ላይ የመደራደሪያው ዋና ነጥብ ዋጋው ሳይሆን ቀኑ ነው፤ ቀኑን ያጣራ ገዥ ገንዘቡንም፣ የመጋዘን ሠራተኛውንም፣ ኬሚካሉ በእህሉ ላይ የሚነሰነስበትን በላተኛም አብሮ ያድናል።